መስኮት ሦስት

በግላሩስ ከተማ፣ ከተራራው ግርጌ፣
ቁልፍ ይዤ እቆማለሁ፣ መለዮ አድርጌ።
ተራ ቁጥር አድላለሁ፤
ሲነጋ እከፍታለሁ፣ ሲመሽ እዘጋለሁ።

ከበሩ ጎን ተለጥፏል፣ ማስታወቂያው በትልቁ፦
«ራሱን በራሱ አጉራሽ፣ ጠመንጃ ያላችሁ እወቁ፤
ከኖቬምበር ሠላሳ፣ ከአምስት ሰዓት ወዲያ፣
የለም ይቅርታ ማቅረቢያ፣ የለም መመዝገቢያ።»
(እኛ ዘንድ ጉርሻ በሰው እጅ ነው፤
ራሱን አጉራሽ ይፈራል።)
በነሱ አምስት ሰዓት፣ በኔ አሥራ አንድ ነው፤
በነሱ ኖቬምበር፣ በኔ ኅዳር ጽዮን ነው፤
ማብቂያው ግን ለሁላችን፣ ያው አንዱ በር ነው።

ከመንገዱ ማዶ፣ የሎይዚንገር ሱቅ፣
ሃያ ዓመት ዝንብ እሽ ሲል፣ በኪራይ ሲሳቀቅ፣
ሕጉ ሊወጣ ነው ሲባል፣ ሰልፉ ዞረ ጥግ ድረስ፤
ነፍጥ ነክቶ የማያውቅ፣ ይሮጣል ቀኑን ሊደርስ።
ጥርስ ሐኪሙ ገዛ፣ ዳቦ ጋጋሪው ገዛ፤
«ምን ላደርግበት? እንጃ! ሳይከለከል ልያዛ!»
መከልከል ለካ ሻጭ ነው፣ ከሻጭ የበለጠ፤
የማይፈለገውን፣ አስፈልጎ ሸጠ።

የመጨረሻው ቀን፣ ከቀትር ጀምሮ፣
ሰዉ ተሰለፈ፣ ደረጃው ታጥሮ፤
በጊታር ማኅደር ያመጣ፣ በምንጣፍ የጠቀለለ፣
በሕፃን ጋሪ አስተኝቶ፣ ፎጣ ያለበሰም አለ።
ሃምሳ ነፍጥ በተኛበት፣ በዚያ ጠባብ መተላለፊያ፣
ተኳሹ ማኅተም ነበር፤ ጧ! ... ጧ! ... እስከ ማብቂያ።

ስምንት ደቂቃ ሲቀር፣ አንዲት አሮጊት ደረሱ፤
ከኤልም በአውቶቡስ፣ በረዶውን እየጣሱ።
ሬጉላ ይባላሉ፤ ትርጉሙ «ደንብ ነው» አሉኝ፤
የባላቸው ስም ጽቫይፈል፤ «ጥርጣሬ» ብለው ሳቁልኝ።
«ደንብ አገባች ጥርጣሬን፣ አርባ ሁለት ዓመት ኖሩ፤
እሱ ‹ነገ አስመዘግባለሁ› ሲል፣ ሄደ ወደ መቃብሩ።»

ብርድ ልብሱን ገለጡት፤
ብረቱ ዝጓል። ቁጥሩ የለም።
ጸሐፊው ከንፈሩን ነከሰ፦ «ያለ ቁጥር አይሆንም፤»
ሰዓቱን አየ ደግሞ፤ አራት ደቂቃም የለም።
እሳቸው መሐረባቸውን፣ በምራቅ አርጥበው፣
የልጅ አፍንጫ እንደሚጠርግ፣ አሹት ጎንበስ ብለው።
ብቅ አለ፦ ሰባት፣ ዜሮ፣ ሰባት፤ የኋለኛው ግን
ሦስት ይሁን ስምንት አይለይም።
ደንብ ዝም አለች።
«ስምንት ነው» አለች ጥርጣሬ።

ፎርሙ ይጠይቃል ደግሞ፦ «የመያዣዎ ምክንያት?»
ሳጥኖቹ ሦስት ናቸው፦ ዒላማ፣ ስብስብ፣ ውርስነት።
«አራተኛ የለውም? ባሌ አልጋ ሥር ያኖረው፣
ልጥለው የማልደፍረው፣ ይዤም የምፈራው?»
የለም። ውርስ ላይ ጭረት፤ ጧ! አለ ማኅተሙ፤
ብረት ዜጋ ሆነ፣ ተጻፈለት ስሙ።

አምስት ሞላ። ዘጋሁ።
ከመስታወቱ ማዶ፣ አንድ ጎልማሳ አየሁ፤
ረዥም ቦርሳ በትከሻው፣ መዳፉን በሩ ላይ ለጥፎ፣
«ባቡሩ ዘግይቶ ነው!» ይላል፣ ትንፋሹ መስታወት ላይ ጽፎ።
ጠዋት ቢመጣ ዜጋ፣ ነገ ቢገኝ ተከሳሽ፤
ብረቱ ያው ብረት ነው፤ ቀን ነው እንጂ ተኳሽ።

ቁልፉ በእጄ ነበር፤ እጄም በኪሴ ነበር፤
በኪሴም ካርዴ አለ፣ ቀን የታተመበት ከዳር፤
የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የሚታደስ መስኮት ሁለት፣
በዚያው ወንበር፣ በዚያው ብዕር፦
«የመቆያዎ ምክንያት?»
እዚያም ሳጥኖቹ ሦስት ናቸው።

አልከፈትኩም።

ቆይቼ በመስኮት ሳይ፣ ማቆሚያው ላይ ተቀምጧል፤
ቦርሳውን እንደ ታመመ ልጅ፣ ጉልበቱ ላይ አስተኝቷል።
ከሌሊቱ ስድስት እስኪሆን፣ ሰባት ሰዓት ንጹሕ ነው።
መብራት አጠፋሁ። ካርዴን ዳበስኩት።
አለ።
ቀኑ የካቲት ነው።